የማዘጋጃ ቤቱን ወሬ ቀድሞ ለመስማት

ትንሽ ሱቅ አለችኝ። በራፌ ላይ ቦይ ሊቆፈር መሆኑን ያወቅሁት ዶማው ሲያርፍ ነው፤ ማስታወቂያው ግን ከተለጠፈ አሥር ቀን ሆኖት ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት በቀበሌው ሰሌዳ በኩል አልፋለሁ። አዲሱን ወረቀት በአሮጌው ላይ ስለሚለጥፉት ከሥር ያለውንም ገለጥ አድርጉ። ቀኑን፣ ፊርማውንና ማህተሙን እዩ፤ ማህተም የሌለው ወረቀት ያው የቡና ወሬ ነው። በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ዝናብ ያጥበዋል።

ስብሰባ ለሦስት ሰዓት ከተጠራ አራት ተኩል ላይ ይጀመራል። ቢሆንም በሰዓቱ ሂዱ፤ ዋናው ነገር የሚወራው ሰው እስኪሞላ ድረስ ነው። እጅ ስታወጡ ንግግር አታብዙ፦ በጀቱ ስንት ነው? ሥራው መቼ ያልቃል? የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ገብቶ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ የመንገድ ጥያቄን በሰኔ ማንሳት ትርፉ ድካም ነው። እኔ በመጋቢት እጀምራለሁ።

መልስ ካጣችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፣ በሁለት ቅጂ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡና በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉበት። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ እንዲሰጠው ያዛል። ይህችን ቁጥር ማመልከቻዬ ላይ ያየች ጸሐፊ ቀና ብላ አየችኝና፣ «እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለችኝ።