የግንድ ቤት ፕላን አመራረጥ፦ ወርዶ ለሚቀመጥ ግድግዳ ማቀድ

ግንድ በግንድ ላይ ተጋድሞ የሚሠራ ቤት ተሠርቶ ካለቀ በኋላም ቁመቱ ይቀንሳል። ግንድ ሲደርቅ በውፍረቱ ይኮማተራል፤ በርዝመቱ ግን ከቁጥር የሚገባ ለውጥ አያሳይም። ስለዚህ የተጋደመው ግንድ እየቀጠነ ግድግዳው ሲወርድ፣ ቆሞ የተተከለው ምሰሶ እንዳለ ይቀራል። ለብሎኬት ቤት የተሳለ ፕላን ወስዶ «ይህንኑ በግንድ ሥሩልኝ» ማለት አደገኛ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በእጅ ተጠርቦ በእርጥቡ ለሚደረደር ግንድ የተለመደው ስሌት ከቁመቱ 6 በመቶ ነው። ኮርኒሱ በመጨረሻ 2.5 ሜትር ላይ እንዲያርፍ ከፈለጉ፣ ግድግዳው ሲሠራ 2.66 ሜትር መሆን አለበት። በማድረቂያ የደረቀና በማሽን የተስተካከለ ግንድ ከዚህ በብዙ ያነሰ ስለሚወርድ፣ የሚወርድበትን ልክ ከአቅራቢው በጽሑፍ ይቀበሉ። ይህ ቁጥር ሳይታወቅ ፕላን መሳል አይጀመርም።

ልኩ ከየት እስከ የት ነው?

የግንድ ቤት ፕላን ብዙ ጊዜ የሚለካው ከግንድ መሐል እስከ ግንድ መሐል ነው። በ35 ሴንቲ ሜትር ግንድ የሚሠራ 10 በ8 ሜትር ቤት እንውሰድ። የውስጡ ልክ 9.65 በ7.65 ሜትር ነው፤ 80 ካሬ ያሉት ቤት 74 ካሬ ገደማ ይሆናል። መሐሉን በሌላ የግንድ ግድግዳ ከከፈሉት ደግሞ ወደ 71 ካሬ ይወርዳል። ስለዚህ ፕላን ሲያወዳድሩ የውስጡን የተጣራ ስፋት እራስዎ ያስሉ።

ክብ ግንድ ሆዱ ወደ ክፍሉ ገባ ይላል። መደርደሪያ ቢያስጠጉ የሚነካው የግንዶቹን ሆድ ብቻ ስለሆነ፣ በመጋጠሚያዎቹ በኩል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። አልጋውንም ቁም ሳጥኑንም ፕላኑ ላይ ሲስሉ ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው ይሳሉ። የኩሽና ካቢኔት ካለ የግንድ ግድግዳ ላይ ባይሰቀል ይሻላል፤ የግድ ከሆነ ብሎኑ በቁመት በተሰነጠቀ ቀዳዳ ይግባ፣ ግንዱ ሲወርድ ካቢኔቱን ይዞ እንዳይቀደድ።

ቅርጹ ቀለል ይበል

እያንዳንዱ ማዕዘን ሥራ ነው። 10 ረድፍ ግንድ ያለው ቤት በአንድ ማዕዘን ላይ ከሁለቱ ግድግዳ 20 ያህል የግንድ ጫፍ ይገናኝበታል፤ አብዛኛው ደግሞ በእጅ የሚቆረጥ ነው። አራት ማዕዘን የነበረውን ቤት ወደ ኤል ቅርጽ መቀየር ሁለት ማዕዘን፣ ማለትም 40 መጋጠሚያ ይጨምራል። ዝናብ የሚገባበት ቦታም በዚያው ልክ ይበዛል። ተጨማሪ ቦታ ሲያስፈልግ ከማዕዘን ይልቅ ርዝመት መጨመር ወይም ቆጡን መጠቀም ያዋጣል።

ከ7 ወይም ከ8 ሜትር በላይ የሚሄድ ግድግዳ መሐሉ ላይ የሚይዘው ተሻጋሪ ግድግዳ ካጣ ወደ ውጭ ሊያብጥ ይችላል። መስኮቶችም በጣም አይቀራረቡ። በሁለት መስኮት መካከል ያለው የግንድ ቁራጭ ከአንድ ሜትር ካነሰ የሚይዘው አጥቶ ይጠማዘዛል። ከማዕዘንም 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቁ።

የሚወርደውንና የማይወርደውን ይለዩ

ፕላኑን አውጥተው ሁለት ቀለም ይያዙ። የግንዱን ግድግዳ፣ በላዩ ያረፉትን የወለል ተሸካሚዎችና ጣሪያውን በአንድ ቀለም ያቅልሙ፤ እነዚህ ይወርዳሉ። ምሰሶን፣ የጭስ ማውጫን፣ ቀጥ ያለ ቧንቧን፣ የበርና የመስኮት መቃንን፣ በቋሚ እንጨት የሚሠራ ማካፈያ ግድግዳን በሌላው። ሁለቱ ቀለሞች በተገናኙበት ሁሉ መላ ያስፈልጋል።

በርና መስኮት፦ ከመቃኑ በላይ የክፍቱን ቁመት 6 በመቶ ባዶ ይተዉ። ለ2.1 ሜትር በር 13 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ክፍተቱ በሚጨማደድ የሙቀት መከላከያ ይሞላል፤ መሸፈኛው ጣውላ ደግሞ ከላይኛው ግንድ ጋር ብቻ ይመታል። ጎንና ጎኑ መቃን ግንዱ ላይ በሚስማር ከተቸነከረ ወይም የላዩ ክፍተት በጠንካራ ነገር ከታጨቀ፣ የላይኛው ግንድ መቃኑ ላይ ይንጠለጠላል። ያኔ በሩ ይነክሳል፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ ባሉት ግንዶች መካከል ብርሃን መግባት ይጀምራል።

ምሰሶ፦ ጣሪያ ወይም ወለል የሚሸከም ምሰሶ ሁሉ ከላዩ ወይም ከሥሩ በብሎን የሚስተካከል ክሪክ ይኑረው፤ ግድግዳው እየወረደ ሲሄድ ክሪኩም አብሮ ዝቅ ይደረጋል። ፕላኑ ላይ ቁልፍ የሚገባበት ቦታ ያስቀሩለት። በረንዳ ላይ ይህ ሲረሳ ችግሩ ቶሎ ይታያል፦ የበረንዳው ጣሪያ በቤቱ በኩል ሲወርድ በምሰሶዎቹ በኩል ባለበት ይቀራል፣ ተዳፋቱ ይጠፋል፣ ውኃው ወደ ግድግዳው ይመለሳል።

ደረጃ፦ ከላይ ታስሮ ከታች ወለሉ ላይ እንዲንሸራተት ይተዋል። 2.7 ሜትር ከፍታ የሚወጣና 3.2 ሜትር ወለል የሚይዝ ደረጃ ላዩ 16 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ እግሩ ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ወደፊት ይገፋል። ስለዚህ ከደረጃው እግር ፊት በር ወይም ግድግዳ አያቅርቡ። መርገጫዎቹም አብረው ወደ ኋላ ስለሚያዘነብሉ፣ ሲሠሩ የኋላ ጠርዛቸው በጥቂቱ ከፍ ይበል። ቀጥ ያለ ደረጃ እንዲህ ባለ ስሌት ይመራል፤ በመሐል ማረፊያ ያለው ተጠማዛዥ ደረጃ ግን ራስ ምታት ስለሆነ፣ ቦታ ካለ ቀጥ ያለውን ይምረጡ።

መታጠቢያ ቤትና ኩሽና፦ ጀርባ ለጀርባ ይሁኑ፤ ቆጡ ላይ መታጠቢያ ካለ በቀጥታ በላያቸው ይቀመጥ። ቧንቧው በመካከላቸው ባለው የቋሚ እንጨት ግድግዳ ውስጥ ይሂድ እንጂ በግንዱ ውስጥ አይግባ። ወደ ላይ የሚወጣው ቧንቧ ተንሸራታች መጋጠሚያ ወይም ተጣጣፊ ክፍል ያስፈልገዋል። የመታጠቢያ ውኃ የሚረጭበት ግድግዳ የግንድ አይሁን። ማካፈያ ግድግዳውም ከላዩ የመውረጃ ክፍተት ይተውለት።

የጭስ ማውጫ፦ ከግንበኝነት የተሠራ ከሆነ የራሱ መሠረት ላይ ለብቻው ይቁም። ተሸካሚ እንጨት አይደገፍበት። ከጣሪያው ጋር የሚገናኝበት ቆርቆሮ ሁለት ድርብ ሆኖ አንዱ በአንዱ ላይ የሚንሸራተት ይሁን።

ቆጥ

ፕላን ላይ ሰፊ የሚመስል ቆጥ በጣሪያው ተዳፋት ምክንያት ይጠባል። ቤቱ 8 ሜትር ስፋት፣ ጣሪያው 45 ዲግሪ ተዳፋት ቢኖረውና ጣሪያው ከቆጡ ወለል ቢነሳ፣ 2.1 ሜትር ቁመት የሚገኘው በመሐል 3.8 ሜትር ስፋት ላይ ብቻ ነው። ግድግዳው ከቆጡ ወለል በላይ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ግን 5 ሜትር ይሆናል። የጣሪያው ውፍረት ከዚህም ላይ ይቀነሳል። ሁለት ረድፍ ግንድ መጨመር ብቻውን ቆጡን መኝታ ቤት ያደርገዋል። የጣሪያው ሦስት ማዕዘን ጫፍ ከግንድ ሳይሆን በቋሚ እንጨት ቢሠራ ይመረጣል፤ የግንዱ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚወርደውም ይጨምራልና።

ዝናብና ኤሌክትሪክ

የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው ቢያንስ 60፣ ቢቻል 90 ሴንቲ ሜትር ወጣ ይበል። የመጀመሪያው ግንድ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይራቅ። ማዕዘን ላይ ወጣ ብሎ የሚቀረው የግንድ ጫፍ ሁልጊዜ ከጣሪያው ጥላ ውስጥ ይሁን፤ መበስበስ የሚጀምረው ከጫፍ ነው። በረንዳውን ዝናብ አዘውትሮ በሚመታው ጎን ያድርጉ፣ ስፋቱም ጠረጴዛ እንዲይዝ 2.4 ሜትር ይሁን።

ገመድ የሚያልፈው ግንዱ ሲደረደር በሚበሳ ቀጥ ያለ ቀዳዳ ስለሆነ፣ ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ የሚገቡበት ቦታ የመጀመሪያው ግንድ ከመነሳቱ በፊት በሴንቲ ሜትር ተለክቶ ፕላኑ ላይ መቀመጥ አለበት። አልጋው የት እንደሚሆን ካልተወሰነ የራስጌ መብራቱም ሊወሰን አይችልም።

ስሉ ሲያልቅ ቤቱን በችካልና በገመድ ሜዳ ላይ በእውነተኛ ልኩ ዘርጉት፤ የግንዱን ውፍረት በሁለት ገመድ አሳዩ። በሮቹን ምልክት አድርጋችሁ ከኩሽና ወደ ጠረጴዛ፣ ከመኝታ ወደ መታጠቢያ ተመላለሱ። ትከሻ የሚነካበት መተላለፊያ ካለ አሁኑኑ ይስፋ። ከዚያ በኋላ ፕላኑ ከሚወርድበት ልክ ጋር ወደ ስትራክቸራል መሐንዲሱ ይሂድ።