ቡሎን እየላላ ላስቸገራችሁ

እዚህ አዳማ የምንገጣጥማት መኪና የፊት እግሯን የያዙት ቡሎኖች ኮብልስቶን ላይ ትንሽ ስትሄድ ይላላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሲጠብቁ ጥርሳቸው ይበላል።

ስፕሪንግ ሮንዴላ ቀየርን፤ አልሆነም። የቡሎን ማጣበቂያም ሞከርን፤ ያው ነው። ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ በጉልበት ማጥበቅማ ጭራሽ ቡሎኑን በጠሰው። ሞተሩና ፍሬኑ የቶዮታ ስለሆኑ ለእነሱ የቶዮታው ማኑዋል የግድ ነው፤ እኛ ስለበየድነው ሻንሲ (መኪናዋ የምታርፍበት የብረት አጽም) ግን ምንም አይልም።

የሠራው ይሄ ነው። የቡሎኑን ጭንቅላት በብረት ብሩሽ ጥረጉት። 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ይወጣል፤ የጥንካሬው ደረጃ ነው። ከዚያ ጥርስ ያለበትን የቡሎኑን ዘንግ ውፍረት በካሊፐር ለኩ፤ በቁልፉ ቁጥር አትሂዱ። በሁለቱ ቁጥሮች የቡሎኑን ቶርክ፣ ማለትም ምን ያህል ተጠምዝዞ መጥበቅ እንዳለበት፣ የቶርክ ሰንጠረዥ ላይ ፈልጉ። ደረቅ 8.8 ቡሎን ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር ከሆነ ወደ 45 ኒውተን ሜትር፣ 12 ከሆነ ወደ 80 ነው። ዘይት የነካው ጥርስ ስለሚንሸራተት ቁጥሩ መቀነስ አለበት፤ ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። አሉሚኒየም ውስጥ የሚገባም እንዲሁ። ቶርክ ሬንቹ (ቶርኩን እየለካ የሚያጠብቀው ቁልፍ) በፓውንድ ፉት ከሆነ 80ው 59 ይሆናል።

ካጠበቃችሁ በኋላ ከቡሎኑ እስከ ብረቱ በቀለም አስምሩ። ከላላ መስመሩ ይሰበራል። የእኛ እስካሁን ቀጥ ብሎ አለ።