ብቻችሁን ተራራ ስትወጡ የምትሰሯቸው ስህተቶች (አብዛኞቹን እኔም ሰርቻቸዋለሁ)

እንጦጦ ፓርክ የተነጠፈው መንገድ ላይ ወክ ማድረግን አይደለም የማወራው፣ እሱማ ከነካፌው ነው። እኔ የምለው ወጨጫን፣ የረርን፣ ዝቋላን፣ ወይ ደሞ የአብጃታ ሀይቅን ዳርቻ፣ ብቻችሁን፣ መንገድ በሌለበት በኩል፣ ጠዋት ሄዶ ማታ ቤት መግባትን ነው። ብቻ መሄድ አሪፍ ነው፣ ችግሩ ስትሳሳቱ የሚከራከራችሁ ሰው የለም፣ ከራሳችሁ ጋር ትከራከሩና ሁሌም ታሸንፋላችሁ።

"ተራራ ልሄድ ነው" ብሎ መውጣት

የቱ ተራራ? በየት በኩል? ለቤተሰብ እንዲህ ብቻ ብላችሁ ከወጣችሁ ምንም አልነገራችሁም። ወጨጫን በሰበታ በኩልም በመናገሻ ሱባ ጫካ በኩልም መውጣት ይቻላል፣ የሚፈልጋችሁ ሰው ከየት ይጀምር? እኔ አሁን ለእህቴ በቴሌግራም ሎኬሽን እልክና "በዚህ በኩል ወጥቼ በዚሁ እመለሳለሁ፣ 12 ሰዓት ድረስ ካልደወልኩ ደውይ፣ 1 ሰዓት ካለፈ ሰው ጥሪ" እላታለሁ። ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ሌላው ዘዴ ደሞ ከባጃጅ የወረድኩበት ቦታ ሻይ መጠጣት ነው፣ ሻይ የምትሸጠዋ ሴትዮ ወዴት እንደሄድኩ ታያለች፣ ቦታው ሰሞኑን ሰላም መሆኑንም ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። አትሂድ ካለችኝ አልሄድም፣ በቃ።

የመመለሻ ሰዓት አለመቁረጥ

እኛ ሀገር ፀሀይ አንዴ ከገባች ጨለማው ወዲያው ነው ዱብ የሚለው፣ እንደ ፈረንጅ ሀገር በጋ ረጅም ማምሻ የለም። 12 ሰዓት ላይ ጫካ ውስጥ ከሆናችሁ ደሞ ዛፉ ቀድሞ ያጨልመዋል። ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1892 እ.ኤ.አ ያወጣው ሂሳብ አለ፣ በግምት ለ5 ኪሎሜትር አንድ ሰዓት፣ በዛ ላይ ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት። ስለዚ 8 ኪሎሜትር ሄዳችሁ 1,000 ሜትር ከወጣችሁ መሄጃው ብቻ ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጃል ማለት ነው፣ እሱም መንገድ ካለ። መንገድ በሌለበት፣ ቁጥቋጦ እየሰነጠቁ፣ በዚህ ሁሉ ከፍታ ላይ እያለከለኩ፣ እኔ በእጥፍ ነው የማስበው። ጠዋት 1 ሰዓት ከጀመርኩ 7 ሰዓት ላይ የትም ልሁን እዞራለሁ። ጫፉ "እዚች ጋ" ቢሆንም። እዚች ጋ የሚባለው ነገር ነው እኮ የሚያስመሽው።

ውሃ መውረጃ ተከትሎ መውረድ

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አንድ ቀን የረር ላይ ሊበላኝ ነበር። ጫፍ ደርሼ ስመለስ የወጣሁበት ጠፋኝ። ታች ሜዳው ፍንትው ብሎ ይታያል፣ የአይሱዙ ጡሩምባ ሁሉ ይሰማኛል። ደረቅ የጎርፍ መውረጃ አገኘሁና "ውሃው ከወረደ እኔ ምን ያግደኛል" ብዬ ገባሁ። መጀመሪያ የሰው ቁመት የምታህል ድንጋይ ነበረች፣ በቂጤ ተንሸራተትኩ። ቀጥሎ ከሷ የምትረዝም፣ የዛፍ ስር ይዤ ወረድኩ። ሶስተኛው ጋ ስደርስ ፈፋው ቁርጥ ብሏል፣ ጠጠር ወረወርኩ፣ ድምፁ ቆይቶ ነው የመጣው። ዞር ስል ደሞ የተንሸራተትኩበት ድንጋይ ልሙጥ ነው፣ ውሃ ለስንት አመት የሳለው፣ ጥፍር እንኳ አይዝም። ግራና ቀኝ ገደል፣ ኔትዎርክ የለም፣ እኔና አንድ ቁራ።

የወጣሁት በጎን በኩል አጋም እየጨበጥኩ ነው፣ እጄ ለሳምንት እሾህ ሲለቀምበት ነበር። ላይ ስደርስ አንድ እረኛ ልጅ ተቀምጦ እያየኝ ነበር፣ ከት ብሎ ሳቀና በዱላው የከብቱን መንገድ አሳየኝ፣ 50 እርምጃ አይሆንም።

ውሃ አቋራጭ ይወዳል፣ አቋራጩ ደሞ ፏፏቴ ነው። ከጠፋችሁ ወደ ሸንተረሩ ተመለሱና ጀርባ ጀርባውን ውረዱ፣ ከዛ ላይ ሩቅ ይታያል፣ የከብትና የእንጨት ለቃሚዎች መንገድም ብዙውን ጊዜ በዛ በኩል ነው። ተመልሳችሁ መውጣት የማትችሉትን ነገር ደሞ በፍፁም አትውረዱ።

ስልክን ማመን

ኦርጋኒክ ማፕስ ወይ ማፕስ ሚ አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ተጠቀሙ፣ ጥሩ ናቸው። ግን ካርታው ላይ መንገድ የሚመስለው መስመር የፍየል መሄጃ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ባለፈው ክረምት ጎርፍ የበላው። ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፣ ስለዚ ስልኩን ውስጥ ኪስ፣ ፓወር ባንክ፣ ቪዲዮ ቀረጻ ቀነስ። ስትወጡ ደሞ በየጊዜው ወደኋላ ዞር እያላችሁ እዩ፣ ስትመለሱ መንገዱ የሚታያችሁ በዛ በኩል ነውና።

ጅብ እየፈሩ ውሻን መርሳት

ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ጅብ ነው። ጅብ ቀን ቀን ከናንተ ጋር ጉዳይ የለውም፣ ከመሸ ነው፣ የመመለሻ ሰዓት ያልኩትም ለሱም ነው። ቀን የሚያስቸግረው የበግ ጠባቂ ውሻ ነው። በግ ካያችሁ መሀል አትግቡ፣ ዙሩ፣ ከሩቅ ጮክ ብላችሁ እረኛውን ጥሩ። ውሻው ከመጣ አትሩጡ፣ ቁሙና ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ፣ የኛ ሀገር ውሻ ይቺን ቋንቋ ያውቃታል። ከነከሳችሁ ግን ቀልድ የለም፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዛው ቀን ጤና ጣቢያ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድሀኒት የለውም።

አገሬውንም ሰላም ሳትሉ አትለፉ። በነዚህ ተራሮች ዙሪያ ቋንቋው ኦሮምኛ ነው፣ "አካም ጅርቱ" ብሎ ቆም ማለት ብዙ ጥርጣሬ ይፈታል። ብቻውን ቦርሳ ተሸክሞ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ የሚሄድ ሰው እናንተስ ብታዩ አትጠረጥሩም?

የጠዋቱን ሰማይ ማመን

ክረምት ላይ ጠዋት ብራ ይሆንና ከሰዓት ነጎድጓድ ይመጣል። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ አካባቢ ይቀዘቅዛል፣ ወጨጫ ደሞ ወደ 3,400 ሜትር ነው፣ በዛ ላይ በረዶ ሲመታችሁና ጂንሳችሁ ሲርስ ሰውነት መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ጂንስ አትልበሱ። መብረቁን አይታችሁ 30 ቆጥራችሁ ሳትጨርሱ ድምፁ ከመጣ ቅርብ ነው፣ ከጫፉ ውረዱ፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ ስር አትጠለሉ።

በባዶ ሆድ መሄድ

ፆም ላይ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ተራራ የሚወጡ አሉ፣ ፆሙን አከብራለሁ ግን ብቻችሁን ከሆናችሁ ቀኑን ቀይሩት፣ ሚዛን የሚጠፋው ስትወርዱ ነው። በሶ በላስቲክ፣ ቆሎ፣ ቢያንስ 2 ሊትር ውሃ።

የሀይቅ ዳርቻ ሜዳ ነው ብሎ መናቅ

ባህር የለንም፣ ሀይቅ ግን ሞልቷል፣ ዳርቻውም የራሱ ጣጣ አለው። አብጃታ ሸሽቷል፣ ውሃው የነበረበት ቦታ ላይ ከላይ ደረቅ የሚመስል ጭቃ አለ፣ እላዩ ነጭ ቅርፊት፣ ስሩ ገንፎ። እኔ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ጫማዬን ለማውጣት ተንበርክኬ በእጄ ቆፍሬያለሁ። የመንጋ ዱካ ያለበትን ብቻ ርገጡ። ሻላ ደሞ ዳርቻው ላይ የሚፈላ ፍልውሃ አለ፣ እንፋሎት ካያችሁ ጠርዙ ላይ አትቁሙ፣ መሬቱ ስስ ነው። ጉማሬ ባለበት ሀይቅ፣ ለምሳሌ ጫሞ ወይ ሀዋሳ፣ ሲመሽ ሳር ሊግጥ ይወጣል፣ በሱና በውሃው መሀል እንዳትገኙ።

መመለሳችሁን አለመናገር

ይሄን የሰራሁት ባለፈው አመት ነው። በሰላም ወረድኩ፣ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ፣ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደኝ፣ ስልኩ ሳይለንት። ሰፈር ስደርስ እህቴ በር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች፣ ጎረቤት ሁሉ ወጥቷል፣ አንዱ የባትሪ መብራት ይዟል፣ አንዱ መኪና እያስነሳ ነው። ያን ቀን የተቀበልኩት ስድብ ከተራራው ይከብዳል። አሁን ገና የመጀመሪያውን አስፋልት ስረግጥ "ወርጃለሁ" ብዬ እልካለሁ፣ እሷም "እሺ ሽሮ አለ" ትለኛለች።