ባሕር ማዶ ለሚጓዙ ጥንዶች፦ ካርታውን ከሐዋሳ ሳትነሡ አውርዱት

ኢስታንቡልን በአንድ ቀን ለመጎብኘት ከሐዋሳ የምትነሡ ባልና ሚስት፣ እዚያ ስትደርሱ ኢንተርኔት ባይኖራችሁ መንገድ እንዳይጠፋችሁ፣ የከተማዋን የጉግል ካርታ ገና ቤታችሁ ሳላችሁ በዋይፋይ በሁለታችሁም ስልክ ላይ አውርዱና ሆቴላችሁን ምልክት አድርጉበት። ስልክ ያለበትን ቦታ የሚለየው ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት ስለሆነ፣ ከሐጊያ ሶፊያ ወደ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ስትሄዱ (ማክሰኞ ዝግ መሆኑን አትርሱ) ያላችሁበትን ቦታ በካርታው ላይ የምታሳየው ሰማያዊ ነጥብ ያለ ኢንተርኔትም አብራችሁ ትንቀሳቀሳለች። የወረደው ካርታ የእግር መንገድ አቅጣጫ ስለማይሰጥ ግን ነጥቧን እያያችሁ ጎዳናውን ራሳችሁ መምረጥ ይኖርባችኋል። ግራንድ ባዛር በተባለው ጣሪያ ያለው ገበያ ውስጥ ደግሞ የሳተላይቱ ምልክት ስለሚደክም በካርታው አትተማመኑ፤ ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን በር ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ።