ዕጩ ፕሬዚዳንቶችን ስናወዳድር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአሜሪካ የምርጫ ዘመቻ ሲሟሟቅ ድሬዳዋም ወገን ለይታ ትከራከራለች። ከምሳ በኋላ በርጫ በተያዘበት ቤት፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ሻይ በሚጠጣበት ቦታ የዕጩዎቹ ስም ይነሣል፣ ድምፅም ከፍ ይላል። ክርክሩን እንደ ተራ ወሬ አላየውም። እዚያ ዜግነት አግኝተው የሚመርጡ ልጆችና ወንድሞች ያሏቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ከዚህ በስልክ የሚሰጠው ምክርም እዚያ ድምፅ ሊሆን ይችላል። እኔ ዕጩዎችን የምመዝነው በሊበራል ዓይን ነው። የእያንዳንዱ ሰው መብት ከመንግሥትም ከብዙኃኑም ጫና መጠበቅ አለበት፣ ሥልጣን ሁሉ በሕግ መገደብ አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህን የሚያምኑ ሰዎች ጭምር ደጋግመው የሚሳሳቱባቸው ነጥቦች አሉ።

«ለእኛ የሚበጀው የቱ ነው?» ብሎ ብቻ መጠየቅ

በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከሀገር ፍቅር ይነሣል። በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ዶናልድ ትራምፕ ግብፅ ግድቡን ልታፈነዳው ትችላለች ብለው ሲናገሩ፣ በብዙ ኢትዮጵያዊ ዘንድ ውድድሩ እዚያው አበቃ፤ ባይደን ወዳጅ፣ ትራምፕ ጠላት ተባሉ። ነገር ግን ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ገበያ የመግባት ዕድል) ያስወጣው የባይደን አስተዳደር ነው። ምክንያት ያደረገው በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመውን የሰብዓዊ መብት ጥሰት ነበር። ስለ ጥሰቱ መጠየቁን እደግፋለሁ፤ ቅጣቱ ግን ውሳኔው ውስጥ እጃቸው በሌለበት የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ መውደቁን አልቀበልም። ወደ ኋላ ብንሄድም ሥዕሉ አይጠራም። ለብዙ ወገኖቻችን የኤችአይቪ መድኃኒት ያደረሰው ፔፕፋር በ2003 የተጀመረው በሪፐብሊካኑ ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ ነው። ስንቱን ልጅ ከዚህ የወሰደው ዲቪ የተመሠረተበትን የ1990 ሕግ የፈረሙትም ሪፐብሊካኑ አባታቸው ናቸው።

ስለዚህ «የኢትዮጵያ ወዳጅ» የሚለው መለኪያ በአንድ ንግግር ይወጣል፣ በአንድ ውሳኔ ይወርዳል። ከዚህ ይልቅ እኔ የምጠይቀው ዕጩው ድምፅ ሊሰጠው የማይችለውን ሰው እንዴት እንደሚይዝ ነው። ከእኛ በስተምሥራቅ፣ በጅግጅጋ አካባቢ በቀብሪበያህ መጠለያ፣ ወደ ሦስተኛ ሀገር የመሄድ ተራ ሲጠብቁ የኖሩ የሶማሊያ ስደተኞች አሉ። አሜሪካ በዓመት የምትቀበለው የስደተኛ ቁጥር ጣሪያ በትራምፕ የመጀመሪያ ዘመን ማብቂያ 15,000 ነበር። ባይደን በመጀመሪያ ለመጨመር አመንትተው ይህንኑ ይዘው ቆዩ፤ ነቀፌታ ሲበረታባቸው ወደ 62,500 ከፍ አደረጉት፤ ለ2022 የበጀት ዓመት ደግሞ 125,000 አሉ። ማመንታቱም ጭማሪውም በአንድ ላይ መታየት አለባቸው። ስለ ሰውየው ከሚነገረው ሁሉ ይልቅ ይህ የቁጥር ልዩነት ብዙ ይነግረኛል።

ቃል ኪዳኑን ከሥልጣኑ ነጥሎ ማየት

ዕጩ ብዙ ቃል ይገባል። ከገባው ውስጥ በራሱ ፊርማ የሚፈጽመው የቱ ነው? ባራክ ኦባማ ሥልጣን በያዙ በሦስተኛው ቀን፣ ጥር 22 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.፣ የሽብር ተጠርጣሪዎች ያለ ፍርድ የታሰሩበት የጓንታናሞ እስር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲዘጋ አዘዙ። ሕግ አውጪው ኮንግረስ ግን እስረኞቹን ወደ አሜሪካ ለማዛወር ገንዘብ እንዳይወጣ ከለከለ። ኦባማ በ2017 ከቤተ መንግሥት ሲወጡ 41 ሰዎች ገና እዚያው ታስረው ነበር። ሰውየው ዋሹ ከማለት በፊት በጀት የሚያጸድቀው ማን እንደሆነ ማየት ይገባል።

በተቃራኒው፣ በዘመቻው ጊዜ ብዙም የማይነገርላቸው፣ ግን ለረጅም ዘመን የሚቆዩ ሥልጣኖች አሉ። ዋናው የዳኞች ሹመት ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛን ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል፤ ዳኛው ዕድሜ ልኩን በወንበሩ ሊቆይ ይችላል። ትራምፕ በመጀመሪያው ዘመናቸው ሦስት ሾሙ፤ ፍርድ ቤቱም በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ለግማሽ ምዕተ ዓመት የጸናውን የፅንስ ማቋረጥ ሕገ መንግሥታዊ መብት ሻረ። እንደ ሊበራል ይህ ውሳኔ ያሳዝነኛል፤ መንግሥት በሴት አካል ላይ የሚወስንበትን በር ከፍቷልና። ውሳኔውን የሚደግፉም የሚቃወሙም ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ በ2016 የተደረገው ምርጫ የዳኞችም ምርጫ ነበር።

«ሁለቱም ያው ናቸው» ማለት

ይህ የሊበራሎች የራሳችን በሽታ ነው። በልባችን የሣልነው ፍጹም ዕጩ አለ፤ በወረቀቱ ላይ ያሉት ከእርሱ ሲያንሱ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። በ2000 ምርጫ ቡሽ ዲሞክራቱን አል ጎርን ያሸነፉት ፍሎሪዳን በ537 ድምፅ ልዩነት በማግኘታቸው ነው፤ ሦስተኛው ዕጩ ራልፍ ኔደር በዚያው ግዛት ከ97,000 በላይ ድምፅ አግኝተው ነበር። ከዚያ በኋላ የኢራቅ ጦርነት መጣ። ኔደርን የመረጠ ሰው መብቱን ተጠቅሟል፣ አልነቅፈውም። በቡሽና በጎር መካከል ልዩነት የለም ብሎ የመከረው ግን ተሳስቷል።

ለወዳጅ አንድ ሚዛን፣ ለባላንጣ ሌላ

ኦባማ እኛ ዘንድ ምን ያህል እንደተወደዱ የማያስታውስ የለም፤ በሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲመጡ ደስታው እስከ እኛ ደርሷል። ቡሽን በጓንታናሞ ምክንያት ሲያወግዙ የነበሩ ብዙ ሊበራሎች ግን በኦባማ ዘመን በየመንና በሶማሊያ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ያለ ፍርድ ሰው ሲገድሉ ዝም አሉ። ያለ ፍርድ መቅጣት ስህተት ከሆነ ፈራሚው ማንም ይሁን ማን ስህተት ነው። በሌላ ወገን የኦባማ ተፎካካሪ የነበሩት ሪፐብሊካኑ ጆን ማኬይን በ2008 ዘመቻ አንዲት ደጋፊያቸው ኦባማን «ዐረብ ነው» ብላ ስትፈርጅ ማይክሮፎኑን ተቀብለው፣ ጨዋ ዜጋና የቤተሰብ ሰው ነው፣ ልዩነታችን የአመለካከት ነው ሲሉ አርመዋታል። ለሪፐብሊካን ድምፅ ባልሰጥም ይህን ምግባር ከሚዛኑ አላወጣውም።

የድምፅ ድምሩን ብቻ መቁጠር

አጭር ነው፣ ግን ለዘመድ ሲመከር ይጠቅማል። አሸናፊው የሚለየው ለግዛቶች ከተከፋፈሉት 538 የኤሌክቶራል ኮሌጅ ድምፆች 270 በማግኘት ነው። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በመላ ሀገሪቱ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ብልጫ አግኝተው ተሸነፉ። ሁለቱ ፓርቲዎች ተቀራርበው በሚፎካከሩባት በፔንሲልቬኒያ የሚኖር ዘመድ ድምፅና ዲሞክራቶች በሰፊው በሚያሸንፉባት በሜሪላንድ የሚኖር ዘመድ ድምፅ በውጤቱ ላይ እኩል አይከብዱም።

ሽንፈትን ይቀበል እንደሆነ አለመጠየቅ

ለእኔ ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው፤ የንግግር ችሎታም የግብር ዕቅድም ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፍሎሪዳ ድምፅ ዳግም ቆጠራ እንዲቆም በወሰነ ማግስት፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2000 እ.ኤ.አ.፣ አል ጎር በውሳኔው እንደማይስማሙ ተናግረው ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። ጥር 6 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሽንፈታቸውን ያልተቀበሉት ትራምፕ ደጋፊዎች የኮንግረስን ሕንፃ ሰብረው ገቡ። በዚህ ፈተና የወደቀ ዕጩ በሌላው ሁሉ ቢያስደስተኝም አልደግፈውም፤ ነገ የሚያወርደው መንገድ ይዘጋልና።

የእዚያን መለኪያ እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት

በእኛ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱን ሕዝብ በቀጥታ አይመርጥም፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይሰይሙታል፤ የአስፈጻሚው ሥልጣን ያለው በጠቅላይ ሚኒስትሩ እጅ ነው። የፓርቲ መሪዎችን መልክና አንደበት ስናወዳድር ከርመን፣ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የምናገኘው ግን የምርጫ ክልላችንን ዕጩ ነው። ከድሬዳዋ ሰፈሮች ከሳቢያን ወይም ከመጋላ ሊወከል የሚፈልገውን ያንን ሰው ቀርበን ልንጠይቀው እንችላለን። ፓርቲው ያቀረበው ረቂቅ መብት የሚነካ ቢሆን እጁን ለተቃውሞ ያነሣል? ፍርድ ቤት በዋስ የፈታውን ሰው ፖሊስ ቢያቆየው፣ የታሰረው የተቃዋሚ አባል ቢሆንም፣ በምክር ቤት ተነሥቶ ይጠይቃል?