መጠይቁ ከጥያቄው ሲቀድም፦ የዶክትሬት ተማሪዎች በምርምር ዘዴ ላይ የሚሠሯቸው ስህተቶች

በኢንፎርሜሽን ማኔጅመንትና ቴክኖሎጂ ዶክትሬት የጀመረን ተማሪ «ምን ልታጠና ነው?» ብትሉት፣ ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ዘዴውን ነው፤ «መጠይቅ በትኜ በኤስፒኤስኤስ (በስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) እተነትናለሁ።» የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። ሠራተኞች አዲሱን ሲስተም ትተው ለምን ወደ ኤክሴል እንደሚመለሱ ማወቅ የፈለገ ሰው፣ አምስት ምርጫ ካለው መጠይቅ ብዙም አያገኝም። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሲሠሩ ማየትና ማነጋገር አለበት።

ሁለተኛው፣ ዝግጁ ሞዴል አንስቶ መለጠፍ ነው። ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረበው የቴክኖሎጂ ተቀባይነት ሞዴል፣ ሰው አንድን ቴክኖሎጂ የሚቀበለው «ይጠቅመኛል፣ አይከብደኝም» ብሎ ሲያምን ነው ይላል። ጥሩ ሞዴል ነው። ግን አለቃ «ከነገ ጀምሮ በዚህ ነው የምትሠሩት» ካለ፣ ሠራተኛውን «ለመጠቀም ታስባለህ?» ብሎ መጠየቅ ምን ይፈይዳል? እ.ኤ.አ. በ2003 ቬንካቴሽና ባልደረቦቹ ያወጡት ሞዴል፣ አጠቃቀሙ በፈቃደኝነት መሆን አለመሆኑን ያካተተው ያለ ምክንያት አይደለም።

ብዙ ጣጣ ያለው ግን መጠይቁ አጻጻፍ ላይ ነው። «ሲስተሙ ቀላልና ፈጣን ነው» የምትለው ዓረፍተ ነገር ምንም የጎደላት አትመስልም። ቀላል ሆኖ የሚንቀራፈፍ ሲስተም ያለው ሰው የቱ ላይ ምልክት ያድርግ? ለሁለት ትከፈል። «በሳምንት ስንት ጊዜ ትጠቀማለህ?» የሚለውም ያታልላል፤ ሰው የመሰለውን፣ አንዳንዴም ያምርልኛል ያለውን ይሞላል። ሲስተሙ ራሱ ማን መቼ እንደገባ ይመዘግብ የለ? ሎጉ እያለ በግምት መሥራት ለእኔ ስንፍና ነው።

ከዚያ ክሮንባክ አልፋ የሚባለው የመጠይቅ አስተማማኝነት መለኪያ 0.70 ሲያልፍ እልልታ ይጀመራል። አልፋ የሚነግረን ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን እንጂ የታሰበውን ነገር መለካታቸውን አይደለም። አንዱን ጥያቄ በአራት መልክ ገልብጦ መጻፍም አልፋውን ከፍ ያደርገዋል።

ናሙና ላይ ደግሞ «384 ሰው ይበቃል» የምትባል ነገር አለች። ቁጥሯ የመጣችው ከ95 በመቶ የመተማመን ደረጃና ከ5 በመቶ የስህተት ህዳግ ነው፤ ያውም በጣም ብዙ ሕዝብ ውስጥ በዕጣ ለተመረጠ ናሙና። ሊንክ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፎ 384 መልስ መሰብሰብ ሌላ ጉዳይ ነው።

አንዴ ብቻ ከተሞላ መጠይቅ ተነስቶ «ሥልጠናው አጠቃቀሙን ጨመረ» ማለትም አይቻልም። ምናልባት ድሮም አዘውትረው የሚጠቀሙት ይሆናሉ ሥልጠናውን የፈለጉት።

ሲስተም ሠርተው መመረቅ የሚፈልጉም አሉ። ይቻላል፤ ዲዛይን ሳይንስ የሚባለው፣ መፍትሔ ሠርቶ በመፈተን የሚካሄደው የምርምር መንገድ ለዚሁ ነው። መሥራቱ ብቻውን ግን ምርምር አይሆንም። ችግሩን ምን ያህል እንደፈታ ይፈተን።

ፈቃድም ይረሳል። ሎጉም ሆነ የደንበኞቹ ዳታ ያለው ድርጅቱ እጅ ነው። ፕሮፖዛሉ ከጸደቀ በኋላ «አንሰጥም» ከተባለ ርዕሱም አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ የጽሑፍ ፈቃዱ ቀድሞ ይጠየቅ።