«ጎግል ላይ የለንም»፦ የጎጃም ነጋዴ ስሞታና መፍትሔው

ባሕር ዳር ሆቴል ያለው ይላል። ደብረ ማርቆስ ፔንሲዮን የከፈተውም ይላል። ከእንጅባራ ማር የሚልከው፣ ቱሪስት ወደ ዘጌ የሚያመላልሰውም እንዲሁ። «ጎግል ላይ የለንም!»

ስሞታው አንድ ይመስላል እንጂ ውስጡ ብዙ ነው። ጎግል ጭራሽ አያውቃችሁ ይሆናል። ወይ ያውቃችኋል፣ ግን አያሳያችሁም። ወይ ያሳያችኋል፣ ሰው ግን ሊንካችሁን አይነካም። ወይ ሰው ገብቶ ያያችኋል፣ ግን አይደውልም። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚበላው ይህን ሳይለይ «ኤስኢኦ ሥሩልኝ»፣ ማለትም ፍለጋ ላይ ከፍ አድርጉኝ፣ ሲል ነው። ስለዚህ ከምልክቱ እንነሳ።

ምልክት፦ ዌብሳይት አሠርተናል፣ ስማችንን ስንጽፍ እንኳ አይመጣም

መጀመሪያ ሰርች ኮንሶል ክፈቱ። የጎግል ነፃ መሣሪያ ነው። ዌብሳይት ኖሯችሁ ሰርች ኮንሶል ከሌላችሁ በጨለማ እየነዳችሁ ነው። የገጻችሁን አድራሻ ላዩ ላይ ባለው መፈለጊያ ስትጨምሩት ጎግል ገጹን ያውቀው እንደሆነ፣ ካላወቀው ደግሞ ለምን እንደሆነ ይነግራችኋል።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አንዲት ምልክት ናት። ዎርድፕረስ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ላይ፣ ሴቲንግ ውስጥ፣ «የፍለጋ ሞተሮች ይህን ሳይት እንዳይመዘግቡ» የምትል ሳጥን አለች። ሠሪው ሥራው እስኪያልቅ ብሎ ምልክት ያደርግባታል። ሥራው ያልቃል፣ ክፍያው ይፈጸማል፣ ሳጥኗ እንደተመረጠች ትቀራለች። ምልክቱን አንሱ፣ ከዚያ በሰርች ኮንሶል ምዝገባ ጠይቁ። በቃ።

ሁለተኛው ምክንያት ጽሑፉ ጽሑፍ አለመሆኑ ነው። እኛ አገር ሁሉ ነገር ፖስተር ነው። የክፍል ዋጋ፣ ሜኑ፣ ስልክ ቁጥር፣ ሁሉም በፎቶ ላይ በሚያምር ፊደል ተጽፎ ይጫናል። ሰው ያነበዋል። ጎግል ግን በፎቶ ላይ ያለ አማርኛን እንደ ገጽ ጽሑፍ ይቆጥርልኛል ብላችሁ አትጠብቁ። ከዩኒኮድ (ፊደሉ በሁሉም መሣሪያ ላይ አንድ ሆኖ እንዲነበብ የሚያደርገው ሥርዓት) በፊት በነበሩት የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ገልብጣችሁ የለጠፋችሁ ከሆነ ደግሞ ጎግል የሚያየው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው። በስልካችሁ ኪቦርድ እንደገና ጻፉት።

ሦስተኛው፣ በጎግል የቢዝነስ ፕሮፋይል (ማፕ ላይ የሚወጣው የድርጅታችሁ ገጽ) በነፃ ይሠራ የነበረውን ትንሽ ዌብሳይት ትጠቀሙ የነበራችሁ ናችሁ። ጎግል አገልግሎቱን በፈረንጆቹ መጋቢት 2024 ዘጋው። ወደ ፕሮፋይሉ የሚያዞረው አድራሻም ሰኔ 10 ቀን 2024 አበቃ። ዛሬም ቢዝነስ ካርዱ ላይና ታፔላው ላይ ያን የሞተ አድራሻ ያተመ አለ። ካላችሁ አስለውጡት።

በስልክ ጭራሽ የማይከፈት ዌብሳይትም አይመዘገብም። ከሐምሌ 5 ቀን 2024 ወዲህ ጎግል ገጾችን የሚጎበኘው እንደ ስልክ ሆኖ ነው።

ምልክት፦ ማፕ ላይ አለን፣ ግን «ዝግ ነው» ይላል

ይህ ከሁሉም በላይ የኛው የራሳችን ጉድ ነው። ፈረንጅ የጻፈው መመሪያ ውስጥ አታገኙትም።

ባለቤቱ ካፌውን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይከፍታል፣ ማታ 3 ሰዓት ይዘጋል። የሥራ ሰዓት ሙላ ሲባል ሁለት ብሎ ሦስት ብሎ ይሞላል። ኤኤም፣ ፒኤም። ጎግል የኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር አያውቅም። ስለዚህ ካፌው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተከፍቶ ከቀኑ 9 ሰዓት ይዘጋል ብሎ ያምናል። አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ ጎግል ማፕ ላይ በቀይ «ዝግ ነው» ይላል። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ አይቶ ሌላ ቤት ይሄዳል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። «አቅራቢያዬ ያለ ካፌ» ለሚሉ ዓይነት ፍለጋዎች ክፍት መሆን በደረጃ ላይ ክብደት እንዳለው ጎግል በ2023 መጨረሻ አረጋግጧል። ሰዓታችሁ ከተሳሳተ «ዝግ» መባል ብቻ አይደለም፣ ወደ ታችም ትወርዳላችሁ። የሚያሳዝነው፣ ሰው ይህን ሳያውቅ ለማስታወቂያ ይከፍላል።

መፍትሔው ስድስት ሰዓት መደመር ነው። የጠዋት 2 ሰዓት 8 ኤኤም ነው። የማታ 3 ሰዓት 9 ፒኤም ነው። ሞልታችሁ ስትጨርሱ ሥራ በሚደራበት ሰዓት ከሌላ ስልክ ማፑን ከፍታችሁ እዩ። ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ደግሞ «ልዩ ሰዓት» የሚባለው ቦታ ላይ ራሳችሁ አስገቡ።

«ለዘለዓለም ተዘግቷል» የሚል ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ማንኛውም ሰው ማፕ ላይ ማስተካከያ መጠቆም ይችላል። ባለቤቱ ዝም ካለ ጎግል ሊቀበለው ይችላል። ክልላችን ውስጥ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. (በኛ አቆጣጠር) ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ፕሮፋይሉን ገብቶ የሚያይ ባለቤት ከየት ይመጣል? ገብታችሁ «ተከፍቷል» በሉት። መግቢያው ኢሜይል ሥራ ለቆ በሄደ ልጅ ስም ከሆነ ደግሞ ፕሮፋይሉ ላይ ባለቤትነት ጠይቁ። ጎግል ለቀድሞው ሰው ጥያቄውን ይልካል፣ ጥቂት ቀናት ይጠብቃል። ካልመለሰ በራሳችሁ የማረጋገጥ ዕድል ልታገኙ ትችላላችሁ።

ማረጋገጫው አሁን በአብዛኛው ቪዲዮ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ቪዲዮው ሳይቆራረጥ፣ ቢያንስ 30 ሴኮንድ መሆን አለበት። ከመንገዱ ጀምሩ፤ አጠገባችሁ ያለው የሚታወቅ ቤት ይታይ። ከዚያ ታፔላው። ከዚያ ቁልፉን አውጥታችሁ በሩን ክፈቱ፣ ወይም ባንኮኒው ውስጥ ግቡ፣ የንግድ ፈቃዱን ግድግዳው ላይ አሳዩ። ባለቤት መሆናችሁን የሚያሳምነው ይሄ ነው። የሰው ፊት አታንሱ። ታፔላ ሳይሰቅሉ መሞከር ልፋት ነው። ዳታው ደካማ ከሆነ ዋይፋይ ያለበት ሄዳችሁ ላኩት፣ አለዚያ ግማሽ ላይ ይቆማል።

ምልክት፦ በኔ ስልክ አንደኛ ነን፣ ደንበኛ ግን አያገኘንም

የናንተ ስልክ አይመሰክርም። እዚያው ሆቴላችሁ ውስጥ ቆማችሁ ነው የፈለጋችሁት፤ ጎግል ደግሞ ቅርብ ያለውን ያስቀድማል። ኢንኮግኒቶ የሚባለውን የፍለጋ ታሪክ የማያስቀምጥ መስኮት ብትከፍቱም ቦታችሁን አይደብቀውም። እውነቱን የሚነግራችሁ የሰርች ኮንሶል የፍለጋ ቃላት ዝርዝር ነው። ሰው ምን ብሎ ጽፎ እንዳገኛችሁ ያሳያል።

ዝርዝሩን ስታዩ አንድ ነገር ይገርማችኋል። ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባህርዳር፤ ሁሉም አለ። በላቲን ፊደል የሚጽፈው ደግሞ ለብቻው ነው፣ አንዳንዱ አጣብቆ፣ አንዳንዱ ለያይቶ። ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። ጎግል ሁሉንም እንደ አንድ ያያቸዋል ብላችሁ አትተማመኑ። ለስማችሁ አንድ አጻጻፍ ምረጡና ታፔላው፣ ማፑ፣ ፌስቡኩ፣ ዌብሳይቱ ሁሉ ያንኑ ይያዙ። ሰው የሚያዘወትረውን ሌላ አጻጻፍ ጽሑፋችሁ ውስጥ በተፈጥሮ አንድ ቦታ አስገቡት። ግርጌ ላይ ሃያ ዓይነት አጻጻፍ መደርደር ግን በጎግል ደንብ ስፓም ነው። ማፕ ላይ ከስማችሁ ጎን «ምርጥ ርካሽ ሆቴል ባሕር ዳር» ማለትም እንደዚያው፤ ፕሮፋይሉን ሊያሳግድ ይችላል።

ምልክት፦ መስከረም 2025 ላይ የታየንበት ቁጥር ወረደ

አትደንግጡ። እስከዚያ ድረስ ደረጃ የሚለኩ ሶፍትዌሮች መቶ ውጤት በአንድ ገጽ ይጠሩ ነበር። ጎግል በፈረንጆቹ መስከረም 2025 አጋማሽ ያንን አስቀረው። ሮቦቶቹ ያያችሁት ከቁጥሩ ወጣ ማለት ነው። ክሊኩ ካልወረደ ምንም አልሆናችሁም።

ምልክት፦ እንታያለን፣ ክሊክ ግን የለም

ይህ የዘመኑ ትልቁ ጉዳይ ነው። ጎግል ኤአይ ኦቨርቪው የሚባለውን በግንቦት 2024 አሜሪካ ውስጥ ጀመረ። በ2025 ከ200 በላይ አገሮችና ግዛቶች፣ ከ40 በላይ ቋንቋዎች ደርሷል። ሰው ይጠይቃል፣ መልሱ ከላይ ተጽፎ ይመጣል፣ የማንንም ሊንክ ሳይነካ ይሄዳል።

ለአስጎብኚዎች ይህ ከባድ ነው። «ጢስ ዓባይ የት ነው»፣ «ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ስንት ኪሎ ሜትር ነው» የሚሉ ጽሑፎች ክሊክ የሚያመጡበት ዘመን እያለፈ ነው። ያንን ጎግል ራሱ ይመልሰዋል። እናንተ መጻፍ ያለባችሁ ወደቡ ላይ ቆሞ የሚጠየቀውን ነው። የጀልባ ኪራይ በዚህ ወር ስንት ነው? ስንት ሰው ይጭናል? ክብራን ገብርኤል ሴት አታስገባም፤ ታዲያ ባልና ሚስት ቢመጡ የት ትወስዷቸዋላችሁ? ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሁለቱም ይገባሉ፤ ይህን በግልጽ ጻፉት። ጢስ ዓባይ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ይሳሳል። ክረምቱ ሲበረታና መስከረም ላይ ነው የሚያምረው። በዚህ ሳምንት ያነሳችሁትን ፎቶ ከነቀኑ ጫኑ። ጥር ላይ የነሐሴን ፎቶ የሚያሳይ አስጎብኚ ደንበኛው መጥቶ ሲያዝን ሪቪው ላይ ያገኘዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ለኤአይ የሚሆን ልዩ ፋይል እንጫንላችሁ» የሚሉ ሻጮች መጥተዋል። ጎግል ኤአይ ኦቨርቪው ላይ ለመውጣት የተለየ ፋይልም ሆነ የተለየ ኮድ እንደማያስፈልግ በግልጽ ጽፏል።

ምልክት፦ ብዙ ጽሑፍ ጫንን፣ ጭራሽ ወደቅን

በኤአይ በአንድ ሌሊት መቶ ገጽ ያመረተ፣ ወይም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በማሽን ወደ አማርኛ ገልብጦ የጫነ ሰው ነው ይህን የሚለው። ጎግል በመጋቢት 2024 ደንቡን ሲያጠብቅ በጅምላ የተመረተ ይዘትን በስም ጠቅሶ ከለከለ። ክልክሉ ኤአይ መጠቀሙ አይደለም፤ ለአንባቢ የማይረባ ነገር ደረጃ ለመያዝ ብሎ ማብዛቱ ነው። ሰርች ኮንሶል ውስጥ ማኑዋል አክሽን (ጎግል ደንብ ለጣሰ ሳይት የሚሰጠው ቅጣት) የሚለውን እዩ። ማስጠንቀቂያ ካለ የማይረባውን አጥፍታችሁ እንደገና እንዲታይ ጠይቁ። ከሌለም አጥፉት። የቀረውን አሻሽሉና ታገሡ፤ ማገገሙ ወራት ሊወስድ ይችላል።

ምልክት፦ ፌስቡክ ላይ ከፍለን ቡስት አደረግን፣ ላይክ ብቻ መጣ

ፌስቡክ ያዘዛችሁትን ነው ያመጣው። ዓላማ ስትመርጡ «ተሳትፎ» ካላችሁ ላይክ ማድረግ የሚወዱ ሰዎችን ይፈልግላችኋል። ጥሪ ወይም መልእክት ምረጡ። ቦታውንም እዩ። ባሕር ዳር ያለ ሆቴል ማስታወቂያውን ለባሕር ዳር ነዋሪ ሲያሳይ አያለሁ። የባሕር ዳር ሰውማ ቤቱ ነው የሚያድረው! አዲስ አበባ ላይ አድርጉት። የማርና የጤፍ ነጋዴውም ገዢው ያለው እዚያው ነው።

ምልክት፦ ሰው ይገባል፣ አይደውልም

ሦስት ነገር ፈትሹ። ገጹ ሲከፈት ስልኩን ያጨናንቃል? ጎግል ዋናው ነገር በ2.5 ሴኮንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል፤ እናንተ ከካሜራ እንደወጣ የጫናችሁት ፎቶ ግን በኛ ዳታ ይህን አያሟላም። አሳንሱት። ስልክ ቁጥሩ ሲነካ ይደውላል? ወይስ ሰው በወረቀት ገልብጦ ነው የሚደውለው?

ሦስተኛው «ዋጋ በውስጥ መስመር» ነው። እኔ ይህን ልማድ አልወደውም። ተፎካካሪ እንዳያይ ይባላል። ተፎካካሪያችሁ ግን በውስጥ መስመር ጠይቆ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያውቀዋል። የማያውቀው ደንበኛው ነው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ሦስት ፔንሲዮን ሲያወዳድር፣ ዋጋ የጻፈውን ይይዛል። ዋጋው የሚለዋወጥ ከሆነ «ከዚህ ጀምሮ» ብላችሁ ጻፉ፣ ቀኑን ጨምሩበት። ቴሌግራም ቻናል ላይ ብቻ የምታስቀምጡትን ዋጋም ወደ ዌብሳይቱ አምጡት፤ ቻናሉን የማያውቅ ሰው የሚፈልገው ጎግል ላይ ነው።

ምልክት፦ «በአንድ ሳምንት አንደኛ እናደርጋችኋለን» የሚል ሰው ደወለ

ጎግል ራሱ አንደኛ እንደሚያደርግ ማንም ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል ጽፏል። ሰውየው ግን ጎበዝ ሊሆንም ይችላልና ሳትዘጉበት ጠይቁት። ዶሜይኑ (የዌብሳይቱ አድራሻ) በማን ስም ይመዘገባል? የሰርች ኮንሶሉና የማፑ ባለቤት ማን ይሆናል? የትኞቹ የፍለጋ ቃላት ላይ ነው የምትሠራው? መልሱ «እሱን ለእኛ ተዉት» ከሆነ ቀብዱን አትክፈሉ።